ደሴ ስንለው አዲስ አበባ ያለን ፕሮግራም

ባለፈው ሳምንት ዘሃራ ከደሴ የልብስ ስፌት ቤቷን ፎቶ ላከችልኝ። መነጽር አድርጋለች። እኔ ግን ከሰው በፊት የፈለግሁት አንዲት የስፌት ማሽን ነበር፤ አጣኋት።

ሪያድ እያለሁ፣ ጺሜ ገና ሳይሸብት፣ ጉበይራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ወደ አገር ቤት ዕቃ የምልክባት የካርጎ ሱቅ ነበረችኝ። ሁለት ወፍራም ደንበኞች ከገቡ እኔ መውጣት ነበረብኝ። አብሮኝ የሚኖረው ዮናስ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው። ፕሮግራም መጻፍ ስለሚወድ ለካርቶኖቼ አድራሻ የሚያትም ሠራልኝ። ኮምፒውተሩ ላይ መስኮቱ ሲከፈት ሁለት ክቦች ይታያሉ፤ አዲስ አበባና ደሴ። አብዛኛው ዕቃ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ እሷ ቀድማ ተመርጣ ትጠብቃለች።

የመጀመሪያዋ የደሴ ደንበኛ ዘሃራ ሆነች። ሱወይዲ ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ፣ መተዳደሪያዋ የምትሆነውን የስፌት ማሽን በካርቶን አሽጋ አመጣች። የእሩጥብ፣ የትኩስ ተምር ወቅት ነው፤ ከሙቀቱ የተነሳ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። አርብ ከጁምዓ በኋላ ነበር፤ የጭነት መጋዘኑ መኪና ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ይመጣል፣ እሷም ማታ ትበራለች። ደሴን ነካሁ፤ ክቧ ጠቆረች። አትም አልኩ። ወረቀቱ “አዲስ አበባ” ብሎ ወጣ። ደገምኩ፤ ያው።

“ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ማን አለኝና?”

“ስክሪኑ ላይ እኮ ደሴ ነው የሚለው፣ እህቴ።”

“በስክሪኑ ልሰፋ ነው?” ብላ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች።

በእጅ የተጻፈ አድራሻ መጋዘኑ አይቀበልም። ዮናስን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አመጣሁት። ቢያይ ቢያይ ጥፋቱ አልታየው አለ። ሲርበን ሦስታችንም ጎረቤት ካለው የየመኖች ምግብ ቤት ገባን። ዘሃራ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ውጭ የተውነውን ካርቶኗን ለመጠበቅ።

“ዛሬ ዓሣ” አልኩት አስተናጋጁን። ዶሮ በሩዝ መጣ።

“ምነው?”

“በር ላይ ሳያችሁ ነው ለወጥ ቤት የነገርኩት። ሁልጊዜ ዶሮ አይደል የምትበሉት?”

ዮናስ ጉርሻውን ሳይውጥ ሳቀ። “እኔም ይህንኑ ነው የሠራሁት” አለ። “ፕሮግራሙ የትኛው ክብ እንደተመረጠ የሚያነበው መስኮቱ ሲከፈት ነው፤ አንተ ገና ሳትነካው። ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎም አያይ። ማንበብ ያለበት አትም ስትለው ነበር።”

ተመልሶ አንዲት መስመር ከላይ አንስቶ አትም የሚለው ቁልፍ ሥር አስገባት። ደሴ ወጣች። ዘሃራ ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች ሁለቴ አነበበች። መኪናው ካርቶኗን ጭኖ ሲሄድ ጥጉ ላይ እስኪታጠፍ ቆማ አየችው።

ባለፈው ሳምንት ለላከችው ፎቶ “ያቺ ማሽንስ?” ብዬ ጻፍኩላት። በድምፅ መለሰች፦ “ኸላስ ወንድሜ፣ አበቃላት፤ እሷ እኮ ካረጀች ቆየች፤ ጀማሪዎችን ለልምምድ ነው የማስነካት። አሁንም ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው እንዴ የምታየኝ?”

እውነቷን ነው። ዘሃራ ለእኔ ካርቶን ላይ ናት፤ ዮናስ አፉ በሩዝ እንደተሞላ ይስቃል፤ ጉበይራም ያው ጉበይራ ነው። እኔም እንደ ፕሮግራሙ መስኮቱ ሲከፈት ያነበብኩትን ይዤ እስከዛሬ አትማለሁ።

ወዲያው ለዮናስ ደወልኩ። “እንዴት ነህ?” አልኩትና፣ “ደህና” ካለኝ በኋላም የዛሬውን እስኪነግረኝ ጠበቅሁት።