በጆንያ ላይ የተደረደረው ሞተር

አባቴ ምንም ያልነበረበትን የመኪናውን ሞተር የፈታው የገዛ ጭንቅላቱን ለመፈተን ነው። ይህን ያለኝ ራሱ ነው። ከሥራ ገብቼ በረንዳው ላይ ጫማዬን ሳወልቅ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና፣ «ይህችን ፈትቼ መልሼ ከገጠምኳት ጭንቅላቴ ደህና ነው ማለት ነው። ካልገጠምኳት ግን ነገሩ ታውቋል፣ አርፌ እቀመጣለሁ» አለኝ።

«ሐኪም ቤት ብንሄድ አይሻልም አባዬ?» አልኩት።

«ሐኪም ስለ ሞተር ምን ያውቃል?» አለኝ።

መኪናዋ አሮጌ ፊያት ነበረች፤ ሚሌ ቼንቶ የሚሏት። እንጨት መሰንጠቂያ የነበረው አንድ ጣሊያናዊ፣ አብዮቱ ሲመጣ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ፣ ለአባቴ ሸጦለት ነው የሄደው። አባቴ ያኔ ከአሰብ አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ነፋስ ስልክ ግቢያችን ውስጥ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አቁሟት ሥራ ጀመረ። ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣ ቀዳዳዋን በስቱኮ ደፈነ፣ ቀለም ቀባት፣ መቀመጫዋን አዲስ ልብስ አለበሳት። ሦስት ዓመት ፈጀበት። ቤንዚን በኩፖን ነበር፣ እሁድ የግል መኪና ማንቀሳቀስም አይፈቀድም ነበር፤ ስለዚህ ከተነዳችበት ቀን የታጠበችበት ቀን ይበልጣል። እናቴ «ጣውንቴ» ትላት ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ቀልድ አልነበረም።

ጭንቅላቱን እንዲጠራጠር ያደረገው በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የሆነ ነገር ነው። ጎተራ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ አልመጣም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከሀና ማርያም በኩል፣ አህዮች ላይ ጭድ ከጫነ ገበሬ ጋር መጣ። ገበሬው «እኚህ አባት መንገድ ተሳስተው እርሻ መሃል አገኘኋቸው» አለን። እናቴ ለሰውየው ጠላ ሰጠችው። አባቴ አልፎን ገባ። የአሰብን መንገድ ጠመዝማዛ ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ከቤቱ ሁለት እርምጃ ወጥቶ ነበር የጠፋው። ሦስት ቀን ከማንም ጋር አላወራም። በአራተኛው ቀን የመኪናዋን ኮፈን ከፈተ።

አፈታቱ የራሱ ነበር። መሠረተ ትምህርት ገብቶ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል፤ ወረቀት ላይ እምነት ግን አልነበረውም። «የጻፉት ይጠፋል፤ ዕቃው ያለበት ቦታ ግን አይጠፋም» ይላል። በረንዳው ላይ አራት ጆንያ ከበሩ እስከ አጥሩ ድረስ ዘረጋ። መጀመሪያ የተፈታው ዕቃ በሩ አጠገብ፣ መጨረሻ የተፈታው አጥሩ አጠገብ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ብሎን ከየትኛው ዕቃ እንደወጣ እንዲታወቅ ከጎኑ ይተኛል፤ ቀለበቱ፣ ሮንዴላው፣ ከብሎኑ አይለይም። ሲገጠም ከአጥሩ ተነስቶ ወደ በሩ መመለስ ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ ማስታወሻ የለም። ጆንያዎቹን ማንም እንዳይረግጥ ከተባለ ጀምሮ ሁላችንም በጓሮ በር ነበር የምንገባው። እናቴ «በረንዳዬንም ለጣውንቴ አወረሰብኝ» አለች።

የኅዳር ማርያም እለት የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእኛ ነበር። ማኅበርተኛው የሚቀመጠው በረንዳው ላይ ነው። አባቴ ጆንያዎቹን እንዳሉ፣ አንድ በአንድ፣ ዕቃው ሳይነቃነቅ እየጎተተ ወደ ኋላ ክፍል ሊያስገባ ተስማምቶ ነበር። ቀኑ እሁድ ዋለ። ገና በጠዋቱ የቀበሌ መልእክተኛ የግቢውን በር ደበደበ፤ ስብሰባ አለ፣ መቅረት የለም። አባቴ «መጥቼ አነሳዋለሁ፣ እንዳትነኩት» ብሎኝ ወጣ። ያለው ለእኔ ነው። በደንብ ሰምቼዋለሁ።

ስብሰባው ረዘመ። ያልረዘመ የቀበሌ ስብሰባ አላውቅም። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከጎረቤት የተዋስናቸው አግዳሚዎች መጥተው በር ላይ ተደርድረዋል፤ የነፍስ አባታችን ስድስት ሰዓት ላይ ይገባሉ። እናቴ ዳቦውን ከምጣድ እያወጣች፣ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር አድርጊ» አለችኝ።

አደረግሁ። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው፤ የተዝረከረከ ነገር ቦታ ማስያዝ እንጀራዬ ነው። አምስት ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አመጣሁ። ትልቁን ብሎን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ፣ ዳዶውን ከዳዶው፣ ሮንዴላውን ከሮንዴላው ለየሁ። ቅባት የበዛበትን በላምባ አጠብኩት። ትላልቁን ዕቃ በቢራ ሳጥን አድርጌ ኋላ ክፍል አስገባሁ። ጣሳዎቹን የበረንዳውን ግድግዳ አስደግፌ በቁመታቸው አሰለፍኳቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ልዋሽ አልፈልግም፣ ኮርቼ ነበር። አባቴም መጥቶ ሲያይ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ሲገባ ማኅበርተኛው ተቀምጦ፣ የነፍስ አባታችን ጸሎት አድርሰው ነበር። ደረጃው ላይ ቆመ። አጥሩን አየ፣ በሩን አየ፣ ጣሳዎቹን አየ።

«ይህን ማን ነው የነካው?» አለ። አልጮኸም።

አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቀደመችኝ። «አንተው ነህ እንጂ! ጠዋት ሰብስበህ አይደል እንዴ የወጣኸው? ደግሞ ረሳኸው?» አለችና ለእንግዶቹ ሳቀች። እንግዶቹም ሳቁ።

እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ማርያም እቤቷ በገባችበት ቀን፣ በነፍስ አባቷ ፊት፣ ባልና ልጅ እንዳይጣሉባት ብላ ያመጣችው ነገር ነው። ነገ ይነገረዋል ብላ ነው። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። አባቴ አንዱን ጣሳ አነሳ፣ ነቅነቅ አደረገው፣ ወደ ውስጥ አየ። «ውሸት ነው» እስኪል ጠበቅሁ።

«ልክ ነሽ» አላት። ከዚያ ሄዶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን በኋላ መኪናዋ አጠገብ አልደረሰም። የቤቱን ቁልፍ አምጥቶ «ያዥልኝ፣ እኔ ጋ ይጠፋል» ብሎ ሰጠኝ። ከግቢ መውጣት ተወ። ቁርስ በልቶ ከተነሳ በኋላ እናቴን «በልቻለሁ አይደል?» ብሎ ይጠይቃት ጀመር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኋላ ክፍል በገቡት ጣሳዎች ፊት ተቀምጦ አገኘሁት።

«እስቲ ተመልከች» አለኝ። «ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ። በዕድሜዬ እንዲህ ደርድሬ አላውቅም። ሞተር የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። የፈታሁትን መርሳቱ ይሁን፤ እጄ እንኳ የማያውቀውን ሥራ ከሠራ ምን ቀረኝ?»

ዝም አልኩ። እናቴን ፈርቼ ነው፣ እሱን ፈርቼ ነው፣ ከሁሉ በላይ በራሴ አፍሬ ነው። ብዙ ነገር አጥፍቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ዝምታዬ የሚያሳፍረኝ ግን የለም። ለእናቴ እንንገረው ስላት «ተይው፣ ይረሳዋል» አለችኝ። የተናገረችው ነገር ለራሷም ሲገባት ፊቷን አዞረች።

ሁለት ሳምንት አልፎ ነው የነገርኩት። ሁሉንም፣ ከጣሳው እስከ ላምባው ነገርኩት። አባቴ እስክጨርስ ሰማኝና እጄን ያዘኝ። «ልታጽናኚኝ ነው» አለ። «አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ።»

«እውነቴን ነው አባዬ። እማዬን ጠይቃት።»

«እሷም ብጠይቃት ያንኑ ነው የምትለኝ። ተማክራችኋል።»

ብሞት የማላስበው ነገር ነበር። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ላለመታመን ግን አልተዘጋጀሁም። ንድድ አለኝ፤ በእሱም፣ በእኔም።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት ጆንያዎቹን እንደገና በረንዳው ላይ ዘረጋኋቸው። አምስቱንም ጣሳ ደፋሁ። ሳጥኑን ጎትቼ አመጣሁና ዕቃውን እንደመሰለኝ መደርደር ጀመርኩ። አባቴ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ያየኛል። አንዱን ረጅም ብሎን ከካርቡራቶሩ ጎን አስቀመጥኩ። ሌላውንም ጨመርኩ። በተንኮል ነው እንዳልል፣ በእርግጥም አላውቅም ነበር።

«ተይ» አለ።

አልተውኩም።

«ተይ እንጂ! የቴስታታ ብሎን ካርቡራቶር ጋ ምን ያደርጋል?» ተነስቶ መጣ፣ ተንበረከከ፣ ብሎኑን ከእጄ ነጠቀኝ። በአውራ ጣቱ ጥርሱን ዳበሰውና ሦስተኛው ጆንያ ላይ አኖረው። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ዳዶውን። አያስብም ነበር፤ ለማሰብ የቆመ እንደሆነ ይጠፋበታል፤ እጁ ከቀጠለ ግን ቦታውን ያገኛል። እኔም ይህ ሲገባኝ ጥያቄ መጠየቄን አቆምኩ። ዕቃ አቀብላለሁ፣ እሱ ያስቀምጣል። እናቴ ምሳ አቅርባልን ተመለሰች። የዚያን ቀን ስለ በረንዳዋ አንድ ቃል አልወጣትም።

መደርደሩ ሁለት እሁድ፣ መግጠሙ ሌላ ሦስት እሁድ ፈጀ። መሃሉን ከሥራ መልስ ቀን ሳይመሽ እንሠራለን። እኔ በመዝገብ ቤት እጄ ቁልፍ ማዞር ለመድኩ፤ ጥፍሬ ውስጥ የገባው ግሪስ መሥሪያ ቤት መሳቂያ አደረገኝ። በብረቶቹ መሃል የሚገባውን ያረጀ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀየርን፤ እሱንም ከሥራ ስወጣ መርካቶ ፈልጌ አመጣሁት። መጨረሻ ላይ አንድ ሮንዴላ ተረፈች። አባቴ አገላብጦ አያትና «ጣሊያን አንድ ማትረፍ ይወዳል» ብሎ ኪሱ ከተታት።

የጥምቀት ሰሞን አንድ ጠዋት ባትሪውን አስሞልቼ አመጣሁ። ጀሪካን ውስጥ የቀረችንን የኩፖን ቤንዚን ጨመርን። አባቴ መሪው ላይ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ አንቋረረች፣ ሁለተኛ አንቋረረች፣ በሦስተኛው ተነሳች። እናቴ ከወጥ ቤት እልል አለች፤ ለጣውንቷ። አባቴ ወርዶ ካቻቢቴውን አመጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ አጠፋት።

ፈተናውን አልፎ ነበር። «ጭንቅላቴ ደህና ነው» እስኪለኝ ጠበቅሁ። ሲለኝ የምመልስለትንም ቃል አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን እጁን በጨርቁ እየጠረገ ሞተሩን አየ፣ በረንዳው ላይ የቀሩትን ባዶ ጆንያዎች አየ፣ ግንባሩን ቋጠረ።

«ጥሩ ተገጥማለች» አለ። «ግን ምንም ያልነበረባትን መኪና ማን ነው የፈታት?»

እናቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። እሷ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። በዚህ ጊዜ አልቀደመችኝም።

«እኔ ነኝ አባዬ» አልኩት።

እውነቱን የነገርኩት ቀን አላመነኝም ነበር። ይህን ግን ወዲያው አመነኝ። ፊቱ ተፈታ፣ ትከሻው ወረደ፣ ከጥቅምት ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ቁጣ ድምፁ ውስጥ ገባ።

«ሁለተኛ የማታውቂውን ነገር እንዳትነኪ» አለኝ። «እኔ ባልኖር ማን ይገጥምልሽ ነበር?» ብሎ ኮፈኑን ዘጋው።