ሃይድሮካርቦን በአገውኛ

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ዳንግላ ወርጄ ወደ ማምሻው ላይ መብራት ጠፋና ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ኩራዝ ለኩሳ አመጣችልኝ። የላምባው ሽታ ሲሸተኝ ውጭ የሚያልፈው የጋሪ ፈረስ ኮቴ ሁሉ ራቀብኝ። ምን ልበላችሁ፣ የኬሚስትሪ ክፍላችን ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

እንጅባራ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። አንዳንዱ መስኮት መስታወት ስላልነበረው ጠዋት ጠዋት ጉሙ ገብቶ አብሮን ይማር ነበር። ዴስክ የምትጋራኝ ልጅ ከዘንገና ሐይቅ አካባቢ የመጣች ነበረች፤ እነሱ ቤት የሚነገረው አገውኛ ነው። አንድ ቀን በአማርኛ ስትመልስ ቃሉ ተሰባበረባትና ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ መልሱን በጆሮዬ ብቻ ነበር የምትነግረኝ።

ቤተ ሙከራ አልነበረንም። አስተማሪያችን ከቤታቸው ኩራዝ ይዘው መጡና ለኮሱት፤ ከነበልባሉ በላይ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ደፍተው ያዙ። የብርጭቆው ውስጡ አላበው። ላምባው ውስጥ ውሃ እንዳልነበረ፣ ሃይድሮጅኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ እንደሆነ ነገሩን። ከዚያ ብርጭቆውን አቅንተው የኖራ ውሃ ጨመሩበትና ሲወዘውዙት ወተት መሰለ። ይኼ ደግሞ ከካርቦኑ የመጣ ነው አሉ።

«የተቃጠለውን አታገኙትም። ትቶት የሄደውን መዝኑና ምን እንደነበረ ንገሩኝ።»

ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፉ፤ አንድ ሃይድሮካርቦን ተቃጥሎ 8.8 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 5.4 ግራም ውሃ ሰጠ። እጁን ያወጣ የለም። በመደዳችን ሲያልፉ ግን ጓደኛዬ ሠርታ መጨረሷን አዩና ጠመኔውን ሰጧት።

ጠመኔውን ይዛ ወጣች። ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ 2.4 ግራም ካርቦን፣ ከውሃው 0.6 ግራም ሃይድሮጅን አወጣች፤ እያንዳንዱን ለአቶሙ ክብደት አካፈለች። ለአንድ ካርቦን ሦስት ሃይድሮጅን ደረሰ። አስረጂያቸው ሲሏት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ከኋላ አንዱ መሳቅ ጀመረ።

አስተማሪያችን ከሌላ ክፍለ አገር የመጡ፣ አገውኛ የማይሰሙ ሰው ነበሩ። ጠጋ ብለው፣ «በቤትሽ ቋንቋ ንገሪያቸው፤ እኔ ሰሌዳውን አያለሁ» አሏት።

ተናገረች። እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላት ያን ቀን ገና ሰማሁ። ከገጠር የመጡት ልጆች አንገታቸውን አቀኑ፤ ሲስቅ የነበረው ልጅ ራሱ በአገውኛ ጠየቃት፣ መለሰችለት። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ግን ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተኝ። በመጨረሻ አስተማሪው ይህ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን እንዲሁ ብቻውን ይገኝ እንደሆነ ጠየቋት። ጥቂት አሰበችና በአማርኛ፣ «ብቻውን አይቆምም፤ ሁለት ሆኖ ነው» አለች። ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅን፤ ኢቴን የሚባለው ጋዝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ታስጠናን ጀመር፤ መጀመሪያ ከገጠር ለመጡት ልጆች በአገውኛ፣ ቀጥሎ ለእኔ በአማርኛ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብተን ፈተናው ሲቃረብ እናቷ አልጋ ላይ ዋሉ። ከልጆቹ ትልቋ እሷ ነበረች። አስተማሪያችን በእግራቸው ቤቷ ድረስ ሄደው ከትምህርቷ እንዳያስቀሯት አባትየውን ለመኗቸው። አባትየው አልተቆጡም፤ «መምህር፣ እነዚህን ሕፃናት ማን ይያዝልኝ?» ብቻ አሏቸው። እሳቸውም ብቻቸውን ተመለሱ።

ከተማ ከተከራየችው ቤት ልብሷን ልትወስድ የመጣች ቀን እስከ መንገዱ ሸኘኋት። ደህና ሁኚ በአገውኛ ምን እንደሚባል ጠየቅኳት። ነገረችኝ፤ ስደግመው ሳቀችብኝ፤ አረመችኝ፤ እንደገና አስባለችኝ። በመጨረሻ በትክክል ስለው ግን ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሄደች።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር። እናቷ ካረፉ በኋላ አግብታ ቆላ መውረዷን ጎረቤት ነገረኝ። የትኛው ቆላ እንደሆነ አላወቀም። ከአገውኛ የማውቀው እስከ ዛሬ ያንኑ አንድ ቃል ነው፤ ለሌላ ሰው ብዬው አላውቅም።