ክንፍ ያለው በሬና ክቡ ማኅተም

በዚያ ዘመን ወረታ ውስጥ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ከበርበሬ መጠቅለያነት አያልፍም ነበር። እኔ ደግሞ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ፤ ክቡ ማኅተም በመሳቢያዬ፣ ቁልፉ በኪሴ። ስሄድ እንኳ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር።

እህቴ ከአዲስ አበባ ያገለገለ የጌም ማሽን፣ ትንሽ ካሜራና አሥራ ሁለት ካርዶች ላከችልኝ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ አውሬ ተስሏል። ካርዱን ለካሜራው ሲያሳዩት ማሽኑ ሥዕሉን ያነብና አውሬው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ተነሥቶ ይዋጋል፤ ካርዱ ከሌለ እንደተቆለፈበት ይቀራል። የመጨረሻው ካርድ ክንፍ ያለው በሬ ነበር። እሱን ለመክፈት አስቀድሞ በአሥራ አንዱ ማሸነፍ ያስፈልጋል።

ሦስት ሆነን ተያያዝነው፤ እኔ፣ አንድ የሒሳብ መምህርና አንድ አንጋፋ የእንስሳት ሐኪም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አንድ ለአምስት ሲደራጅ እኛ በየቅዳሜው አንድ ለሁለት ተደራጀን፤ ዕቅዱን ያሳካ ቡድን የእኛ ብቻ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር የሚያሸንፈው መምህሩ ነው። እኔ ካርድ አቀብላለሁ፤ ሐኪሙ የበሬውን ሥዕል እያዩ የፎገራ ዘር አለመሆኑን ያስረዱናል።

በአሥራ አንደኛው ባሸነፍንበት ሳምንት መምህሩ ሚስቱ ወዳለችበት አንበሳሜ እንዲዛወር ተፈቀደለት። የቀረችን አንዲት ቅዳሜ ናት። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይሄድ ያን በሬ ሲበርር ማየት። እኔ ግን ካርዶቼን ይዞብኝ ይሄዳል ብዬ ሰጋሁ። ስንት ወር የሩዝ እንጀራ ከአንድ ትሪ ስንቆርስ የኖርን ሰዎች ነን። ዓርብ ከሰዓት ማኅተሙን አወጣሁና አሥራ ሁለቱንም መታኋቸው። መታወቂያ ላይ እንደሚደረገው ግማሹ ሥዕሉ ላይ፣ ግማሹ ዳሩ ላይ፤ ሙያ ነዋ። በሬውን ለክብሩ ሁለቴ መታሁት።

ቅዳሜ ካርዱን ለካሜራው አሳየነው። ዝም። አዘነበልነው፣ አቀረብነው፣ አራቅነው። መምህሩ በሸሚዙ እጅጌ ቢጠርገው ቀለሙ ተጨማለቀ እንጂ አልለቀቀም። ወረታ ውስጥ ማኅተሜን አይቶ ያልተነሣልኝ የመጀመሪያው ነገር ያ ማሽን ነው። ሐኪሙ ካርዱን ተቀብለው አገላበጡት።

«ልጄ፣ እኛስ ቄራ ማኅተም እምንመታው በሬው ከታረደ ወዲያ ነው» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ፤ መምህሩ አልሳቀም። ለምን እንደመታሁት አልጠየቀኝም፤ ገብቶታል። አፈርኩ። ግን ያኔ ይቅርታ ማለት በደብዳቤ ካልሆነ አይሆንልኝም ነበር።

ሰኞ መልቀቂያውን ሊያስመታ ቢሮዬ መጣ። ጉርድ ፎቶው ጥጉ ላይ ተለጥፏል። ማኅተሙን እፍ ብዬ እንደ ልማዴ ወደ ፎቶው ሳነሣ አውራ ጣቱን አስቀድሞ ፊቱ ላይ አሳረፈ።

«እኔን ተወኝ» አለ። «ወረቀቱን ብቻ ምታው።»