የካሊምኖስ ጭፈራ

ልጅ እያለሁ፣ አሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ክላርክስተን ውስጥ የሐበሻ ሰርግ በተጠራን ቁጥር፣ የእናቴ አባት አባባ ኒኮላ እስክስታው ጋብ እስኪል ጠብቀው መሃል ይገቡ ነበር። ዱላቸውን ተመርኩዘው እግራቸው ይብረከረካል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የማያውቃቸው ሰው "ኧረ ሰውዬው ሊወድቁ ነው፣ ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጉ!" ብሎ ይጮሃል። እኔ በሳቅ እሞታለሁ፤ የሚቀጥለውን አውቀዋለሁ። ድንገት ዱላውን ወርውረው እንደ ጎረምሳ ይዘላሉ። አዳራሹ በእልልታ ይቀልጣል።

አባባ የተወለዱት ካሊምኖስ በምትባል የግሪክ ደሴት ነው። አባታቸው ከባሕር ወለል ስፖንጅ የሚለቅሙ ጠላቂ ነበሩ። ከጥልቁ ቶሎ የወጣ ጠላቂ እግሩ ሽባ ሆኖ ይቀራል፤ ጭፈራውም የእነዚያን ሰዎች አካሄድ እያሳየ፣ መጨረሻ ላይ ዱላውን አስጥሎ ይፈውሳቸዋል። በልጅነታቸው ደሴቲቱን የምትገዛት ጣሊያን ስለነበረች፣ ድሬዳዋ ሲገቡ ሰው "ጣሊያኑ" አላቸው። ይህ ያንገበግባቸው ነበር። በኋላ "ግሪኩ" ተባሉ፤ እሱንም አልወደዱትም። "ግሪክ ብዙ ነው፤ እኔ የካሊምኖስ ሰው ነኝ" ይሉ ነበር። ክላርክስተን ሲመጡ ደግሞ "ፈረንጁ ሐበሻ" ሆኑና አረፉት። በአገራቸው ወንዶች ተያይዘው የሚጨፍሩትን፣ እዚህ ብቻቸውን ጨፈሩት።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ መንቀጥቀጡ ቤት ገባ። ማንኪያ ሲያነሱ፣ ሸሚዝ ሲቆልፉ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው ብሏል፤ ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም። የሚቀልዱ መስሎኝ "አባባ፣ ኦኬ፣ አሁን ጣለው!" እላቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁልኝ ነበር።

በአክስቴ ሰርግ እንደልማዳቸው መሃል ገቡ። በዚያን ጊዜ ሁሉም ጭፈራውን ለምዶት ስለነበር፣ ዱላው የሚወረወርበትን ቅጽበት እየጠበቀ ያጨበጭባል። እግራቸው ተብረከረከ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዘፈኑ አለቀ። ሰው ማጨብጨቡን አላቆመም። እናቴ እየሮጠች ገብታ ደግፋ አጠገቤ አስቀመጠቻቸው። ላብ አጥምቋቸዋል።

"አልጣል አለኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

በዓመቱ ሞቱ። ባሕር በማይታይበት በጆርጂያ ቀይ አፈር ቀበርናቸው። አንድም የካሊምኖስ ሰው ቀብራቸው ላይ አልቆመም።

ዛሬ እዚሁ ጆርጂያ፣ ሮዝዌል ነው የምኖረው። ዘንድሮ የእናቴ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ በሽታው ያው የአባቷ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩና ዱላው እስኪወረወር እጠብቅ ነበር። አሁን የምጠብቀው የለኝም። ልጄ የቅድመ አያቱን ጭፈራ አያውቅም፤ እኔም አላስተምረውም።