ሁለት አዲስ ዓመት ያለው ጋዜጣ

አቶ ዘውገ ሰውን ሁሉ ይንቃሉ የሚሏቸው ሐሜተኞች ናቸው። የሚንቁት መቁጠር የማይችለውን ብቻ ነበር። ችግሩ፣ በእሳቸው ዘንድ በትክክል የሚቆጥር ሰው ገና አልተወለደም።

ጎጃም ውስጥ ባሕረ ሐሳብ ተምረዋል፤ የየዓመቱን ጾምና በዓል በጣታቸው አስልተው ይነግሩ ነበር። አዲስ አበባ መጥተው፣ የነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር መርካቶ ውስጥ በርበሬ በረንዳ አጠገብ ካለው ፎቅ ላይ ንባብ ቤት ሲከፍት፣ ጋዜጣ ጠባቂ ሆኑ። ከታች በርበሬው ሲወቀጥ ከላይ አንባቢው ያስነጥሳል። ጋዜጣ ለመዋስ የመጣን ነጋዴ አቶ ዘውገ «እጅህን አሳየኝ» ይሉታል፤ ጣቱ ከቀላ ታጥቦ ይመለሳል። የተማረውንም ያልተማረውንም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።

ከሁሉ በላይ ግን «የንግድ ጮራ» የሚባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ይንቁ ነበር። ጋዜጣው የተቋቋመው በጥር ወር ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ጥር ላይ «ዓመት» የሚለው አንድ ይጨምርና የእትሙ ቁጥር ከአንድ ይጀምራል። ይህ ደግ ነው። አዘጋጆቹ ግን መስከረም ሲጠባ ዝም ብለው ማለፍ አልሆነላቸውም፤ እንቁጣጣሽ ነው ብለው የእትሙን ቁጥር እንደገና ከአንድ ይጀምሩታል፤ «ዓመት» የሚለውን ግን እስከ ጥር አይነኩትም። እንግዲህ «ሰባተኛ ዓመት ቁጥር ሦስት» ሁለት ጊዜ ወጣ፤ አንዱ በጥር ሃምሳ ሁለት ዓ.ም.፣ ሌላው በመስከረም ሃምሳ ሦስት።

«ሰው ልደቱን ባከበረ ቁጥር፣ ዘመን በተለወጠም ቁጥር ዕድሜውን ከአንድ ይጀምራል?» ይሉ ነበር አቶ ዘውገ። «እነዚህን ነው እንግዲህ ጋዜጠኛ የሚሏቸው!»

እሳቸው መፍትሔውን አላጡትም። ጥር ሃምሳ ሁለት ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ መስከረም ሃምሳ ሦስት ደግሞ ዘመነ ማቴዎስ ገብቷል። ስለዚህ በመዝገባቸው ላይ የፊተኛውን «ዮ ፯ ፫»፣ የኋለኛውን «ማ ፯ ፫» ብለው ጻፉት። ወሩን በስሙ መጻፍ ምን ይጎዳል? ምንም። ግን ያ ለመሃይም ነው።

ኋላ ደመቀ የሚባል ወጣት አለቃ መጣባቸው። ስድስት ወር ውጭ አገር ተምሮ፣ ሻንጣ ሙሉ የታተመ የመመዝገቢያ ካርድ ይዞ ተመልሷል። ካርዱ ለአንድ ቁጥር አንድ ሳጥን ብቻ አለው። ደመቀ የሰባተኛውን ዓመት ጋዜጣ ሲደረድር አሥራ ስድስት ቁጥር ሁለት ሁለት ሆነበት። ቀኑ ከጋዜጣው ስም ሥር በደቃቅ ፊደል ታትሟል፤ ደመቀ ግን ካርድ እንጂ ጋዜጣ ማንበብ አልተማረም።

«ጋሼ ዘውገ፣ መዝገቡ ላይ ያሉት እነዚህ ‹ዮ› እና ‹ማ› ምንድን ናቸው?»

«ለሚያውቅ ተጽፏል፣ አቶ ደመቀ።»

«እኔም ልወቅ እንጂ! ትርፍ ቅጂ ከሆነ እናስወግደው፤ ቤቱ ጠቧል።»

«ካርዱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ አይደል? እሱን ይጠይቁት።»

ደመቀ ጆሮው ቀላ። «እስከ ቅዳሜ ይንገሩኝ። አለዚያ ትርፉ ለመጠቅለያ ይሸጣል።»

አቶ ዘውገ ያ ጋዜጣ ሌላ ቅጂ እንደሌለው ያውቃሉ። አንድ ቃል ቢናገሩ ይተርፍ ነበር። «ዓይን ያለው ቀኑን ያነባል» ብለው ከረቡዕ እስከ ዓርብ አፋቸውን ዘጉ። ቅዳሜ ተዝካር ነበረባቸውና ቀሩ። ሰኞ ጠዋት ሲገቡ መደርደሪያው መሐል ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ አፍጥጦ ጠበቃቸው። ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ ደረጃውን ተንደርድረው ወረዱ።

እትዬ ረሂማ ከፎቁ ሥር ያለች በርበሬ ቸርቻሪ ናት፤ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ በርበሬዋን በጋዜጣ ትጠቀልላለች።

«እትዬ ረሂማ፣ የእኛ ጋዜጣ እርስዎ ጋ መጥቷል?»

«መጥቷል። ግማሹ ሂዷል፤ አንዱ ሆለታ፣ አንዱ አምቦ ደርሷል። ምነው ጋሼ? አሮጌ ወሬ አይደል?»

«የቀረውን ይመልሱልኝ!»

«ልጁ ሁለት ሁለት ነው ብሎ እኮ ነው የሸጠልኝ።»

«ምኑ ነው ሁለት! አንዱ የጥር ነው፣ አንዱ የመስከረም! ጋዜጣው በዓመት ሁለቴ ከአንድ ይጀምራል!»

ረሂማ እጇን አቁማ አየቻቸው፤ ከዚያ ጆንያው እስኪነቃነቅ ሳቀች። «በቃ? ይኸው ነው? ወላሂ፣ ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ ገባኝ። ታዲያ ይቺን ለልጁ ቢነግሩት ምላስዎ ይቆረጥ ነበር?»

አጠገቧ ያለው ሚዛን ያዥ ጭምር ሳቀ። አቶ ዘውገ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ እንዲህ ሲለምኑ ያያቸው ሰው መርካቶ ውስጥ አልነበረም። ረሂማ የቀሩትን ዘጠኝ ጋዜጦች አራግፋ ሰጠቻቸው። ሰባቱ ጠፍተዋል።

ሲመለሱ ደመቀ ፊት ዘጠኙን ዘረጉና፣ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው እየተንገሸገሹ ነገሩት፤ ጥር፣ መስከረም፣ ሁለት ጊዜ ከአንድ። ደመቀ ወደ ደቃቁ ፊደል ጎንበስ ብሎ ቀኑን አነበበ። ካርዱን ገልብጦ፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ከላይ ወደ ታች አሰመረ፤ በግራ «ጥር»፣ በቀኝ «መስከረም» ብሎ ጻፈ።

«መስመሩ ጠሟል» አሉ አቶ ዘውገ።

«ያቃኑት እንግዲህ።»

እርሳሱን ተቀበሉት። በ«መስከረም» ሥር ቁጥር አንድ ላይ፣ ማንም ሕፃን ሊያነበው በሚችል ጉልህ ፊደል፣ «የለም» ብለው ጻፉ። ቀና ሳይሉ ወደ ቁጥር ሁለት ወረዱ፤ ስድስት «የለም» ገና ይቀራቸው ነበር።