ደሞዜና በአየር የሚቆለፈው መኪና

ደሞዜ ደብረ ታቦር ውስጥ ጋራዥ ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጉና ተራራ የሚወጣ መኪና ጭቃ ውስጥ ሲያስቸግር የሚጠራው እሱ ነበር። "ደሞዜ ካልነካው አይወጣም" ይባልለታል። ይህችን ወሬ ይወዳታል።

ከደንበኞቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ደግሞ ይሻውን ነው። ይሻው የጤና ጣቢያ ሹፌር ነው፤ ክትባት ይዞ ጉና ሥር ወዳሉት ቀበሌዎች ይመላለሳል። የመኪናው ዲፍሎክ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ አስሮ ከጭቃ የሚያወጣው ማለት ነው፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር የሚሠራው። ሞተሯ ውኃ ገባባትና ተቃጠለች። ደሞዜ ሽቦ አስሮ በእጅ እንዲጎተት አደረገው። ሦስት ክረምት አገለገለ። በአራተኛው ሽቦው ዛገና እምቢ አለ።

ይሻው ያኔ መንገድ ማዶ ተሻገረ። እዚያ አንዱአምላክ የሚባል መካኒክ አለ፤ ሙያውን የተማረው መተማ ነው፣ ደብረ ታቦር ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። አንዱአምላክ የተቃጠለችውን ሞተር አውልቆ በአየር የሚገፋ ፒስተን ተከለ። ኮፈኑ ሥር አየር የሚያምቅ ትንሽ ኮምፕሬሰር፣ ከሻንሲው ጎን የአየር ጋን፣ ከዚያ ቀጭን ቱቦ ጎማዎቹን እስከሚያዞረው የኋላ ዲፈረንሻል ድረስ። ጋቢና ውስጥ ማብሪያዋን ሲጫኗት አየሩ ፍስስ ይላል፣ ጎማዎቹ ይቆለፋሉ። በቃ።

ይሻው ሊያሳየው በደስታ መጣ። ደሞዜን ይበልጥ ያቃጠለው ይኸው ነው፤ ደብቆት ቢያልፍ ይሻለው ነበር።

"ጋሽ ደሞዜ፣ ጎንበስ ብለው ይዩት እስቲ።"

"ጎማ መንፊያ ነው እንዴ የሰቀለልህ? ጎሚስታ ሆንህ በለኛ።"

ይሻው ሳቀ። "ጎሚስታም ልሁን። ብቻ ያንን ሽቦ ከመጎተት ተገላገልሁ።"

ደሞዜ መኪናው ሥር ገባ። ሥራው ንጹሕ ነው። ጥሩ ሥራ ማየት እንዲህ እንደሚያም አያውቅም ነበር። ኋላ ዓይኑ ጋኑ ላይ አረፈ። ውኃ ማፍሰሻ የለውም። የታመቀ አየር ውኃ ያወጣል፤ ውኃው ተጠራቅሞ ቱቦው ውስጥ ይወርዳል። መተማ ሙቀት ነው፣ ማንም አይጨነቅበትም። ጉና ግን በኅዳር ጠዋት ጠዋት መሬቱ በውርጭ ይነጣል። ውኃው ቱቦው ውስጥ በረዶ ይሆንና አየሩን ይዘጋዋል።

በሆዱ ደስ አለው።

"እንከን አገኙበት እንዴ?" አለ ይሻው።

"ምን እንከን ይኖረዋል" አለ ደሞዜ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው ሣሩን ሆነ፤ ውርጭ ወርዶ እንደሆን። ይሻው ጭቃ ውስጥ ተጣብቆ፣ ደውሎለት፣ እሱም ኮራ ብሎ ሊያወጣው ሲሄድ በሐሳቡ ይታየዋል። ያፍራል፤ ግን አይተወውም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ስልኩ ጮኸ። የደወለው አንዱአምላክ ነው።

"ጋሽ ደሞዜ፣ ይሻው ከጋሳይ ከተማ በላይ ረግረግ ይዞት ደወለልኝ። ዲፍሎኩ አልይዝ ብሎታል። እኔ ቆላ ያደግሁ ነኝ፣ የዚህን አገር ብርድ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። እባክዎ አብረን እንውጣ።"

ይሻው ለእኔ አልደወለም፣ አለ ደሞዜ በሆዱ። ቢሆንም ሄደ።

ሲደርሱ ክትባቱ በበቅሎ ተጭኖ ሄዷል። ደሞዜ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ቱቦውን ፈታ። ከቅርብ ቤት ሙቅ ውኃ አስመጥቶ በላዩ አፈሰሰበት፤ በረዶው ቀለጠ። አረቄ በብርድ አይረጋምና፣ ዳግመኛ በረዶ እንዳይሠራ ከዚያው ቤት ግማሽ ስኒ አስመጥቶ ቱቦው ውስጥ ጨመረበት። ይሻው ማብሪያዋን ተጫነ፤ መኪናው ወጣ።

"ማፍሰሻ አለማድረጌ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ አንዱአምላክ በሰው ፊት።

ይሻው ግን ደሞዜን ነበር የሚያየው። "ጋሽ ደሞዜ፣ ያን ቀን ሥሩ ገብተው ነበር። አላዩትም?"

አላየሁም ሊል አፉን ከፈተ። አንዱአምላክ ጥፋቱን በራሱ ላይ ጭኖ አጠገቡ ቆሟል። እሱ ባይኖር ይዋሽ ነበር።

"አይቻለሁ" አለ።

ይሻው አንዱአምላክን ጋቢና አስገባው። ለደሞዜ የኋላውን በር ከፈተለትና እስከ ደብረ ታቦር ነዳ።

በሳምንቱ መኪናው ማፍሰሻ ሊገጠምለት መንገድ ማዶ ቆመ። ደሞዜ ከጋራዡ በር ላይ ሆኖ ያያል። አንዱአምላክ ማፍሰሻውን ከጋኑ ጎን ሊበሳለት ነው፤ ውኃው የሚጠራቀመው ከታች ነውና ከታች ነበር መሆን ያለበት። ደሞዜ ሄዶ ሊነግረው ሁለት ጊዜ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜም ይሻውን አይቶ ተቀመጠ። በሦስተኛው መንገዱን ተሻገረ።