የደጉ በርሜል

ኢሕአዴግ በገባ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት ነው። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ ደጉ የሚባል የሰልባጅ አጣቢ ነበር። ሰልባጅ ሁሉ ከሞተ ፈረንጅ ላይ የተገፈፈ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ የመጣለትን ሁሉ፣ ሐርም ይሁን ሱፍ፣ በበርሜል ይቀቅላል። ሟቾቹን ይንቃል፤ የሟች ልብስ የሚገዛውን ደግሞ አብልጦ ይንቃል። ሰው የሚንቀው ሲበዛለት ዐዋቂ የሆነ ይመስለዋል፤ ደጉም መስሎት ነበር።

አንድ ቀን የሱፍ የሚባል የሐይቅ ዓሣ አጥማጅ ከቦንዳ መሀል ያገኘውን ጥቁር ነገር በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ፈረንጅ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ የሚለብሰው፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥ የሆነ፣ እንደ ስፖንጅ የወፈረ የጎማ ልብስ ነው። ሽታው የድመት ሽንት ነው፤ ሚስቱ ከሪማ "ወላሂ እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ" ብላዋለች። የሱፍ መረብ ሊጥል በየማለዳው እስከ ደረቱ ውሃ ይገባል። ሁለቱንም ጉልበቱን ቁርጥማት ይዞት፣ ብርዱን የሚከላከልበት ካላገኘ ሐይቁን ሊተው ነው። ተስፋው ይኸው ልብስ ነበር።

"ጋሼ ደጉ፣ ይሄን እንኳ አይቀቅሉት። ሐይቁን ሊለኩ የመጡትን ፈረንጆች በታንኳ የማመላልሳቸው እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለውን ሲያጥቡ አይቻለሁ። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና ለቅለቅ አርገው፣ ገልብጠው ጥላ ላይ ነው የሚያሰጡት።"

"ዓሣ አጥማጅ አጠባ ሊያስተምረኝ! ውሃ ውስጥ ስለዋልክ ውሃ የምታውቅ መሰለህ? እንቁራሪትስ ይውል የለ!"

"በአላህ ይዤዎታለሁ።"

"ሂድ ወዲያ! ቅዳሜ ና።"

ደጉ በርሜሉን አፍልቶ፣ እንዶድ ነስንሶ ልብሱን ከተተው። የልብሱ አንድ እግር አልገባ ብሎ ከአፋፉ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀጥሎ፣ ጎማው ቆዳ መስሎት፣ ቆዳ ቅቤ ይወዳል ብሎ የተቀቀለውን በሙሉ ቅቤ ቀባው፤ ወስዶም የኮምቦልቻ ፀሐይ በሚጠብሰው ቆርቆሮ ላይ አሰጣው። ያልታጠበችውን እግር ግን ንጹሑን እንዳትነካበት ከቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ጥላው አንጠለጠላት።

ቅዳሜ የሱፍ ሲመጣ ልብሱ እንደ ከረመ ቋንጣ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ ነበር። የሰፈሩ ውሾች ቅቤ ሸቷቸው ከሥር ተኮልኩለዋል።

"ሟቹ ራሱ ርካሽ ሰው ነበር" አለ ደጉ፣ ዐይኑን ሳያሽ።

የሱፍ ልብሱን ከቆርቆሮው አወረደው። አንድ በአንድ ሲዳብስ ያቺ እግር ላይ ደረሰ። ሳባት፤ ተለጠጠች። ለቀቃት፤ ተመለሰች።

"ይቺስ እንዴት ተረፈች?"

"በርሜሉ ጠቦ ነዋ! ቆሻሻ ናት፣ ቁረጥና ጣላት።"

"አልሐምዱሊላህ! ጋሼ፣ ከእርስዎ በርሜልዎ ይሻላል፤ እሱስ አቅሙን ያውቃል።"

የሱፍ እግሪቱን ቆርጦ ቦርከና ወረደ፤ በቀዝቃዛው ውሃ አጥቦ፣ ገልብጦ ጥላ ላይ ሰቀላት። ስትደርቅ ከሁለት ከፈላት፤ ለየጉልበቱ አንድ አንድ። ሐይቁንም አልተወም።

ደጉም የሆነውን ነገር አልረሳውም። በሳምንቱ ሰፋ ያለ በርሜል ገዛ።